ከጅዳ የመጣው ሀምዲን

ብርድ ልብሱ ያነጠሰው ከይሪያ ከጅዳ በገባች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው።

ወሩ ሐምሌ ስለነበር ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም አጥሩን ተሻግሮ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያሉትን ግቢዎች ሞልቷቸዋል። እናቷ እትዬ አዚዛ፣ ልጃቸው ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ስትመለስ ያመጣችላቸውን ነብር የተሳለበት ወፍራም ብርድ ልብስ ሽቦ ላይ ሊያሰጡት ይዘው ወጡ። ፀሐይ ኖሮ አይደለም፤ ጎረቤት እንዲያየው ነው እንጂ። ገና አንዱን ጫፍ ሽቦው ላይ ጣል ሲያደርጉት ብርድ ልብሱ ሁለት ጊዜ አነጠሰና «አልሐምዱሊላህ» አለ።

«የርሐሙከላህ» አሉ እትዬ አዚዛ፣ አፋቸው ለምዶት። ከዚያ ግራ ቀኙን አዩ። ግቢው ውስጥ ከሳቸውና ከአንዲት ዶሮ በቀር ማንም የለም። ዶሮዋን ትንሽ ተመለከቷት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ነብሩ ዞሩ።

«ከይሪያ! ኧረ ነይ! ያመጣሽው ነገር ይናገራል!»

ከይሪያ ሻርፕዋን እየጠመጠመች ሮጣ ወጣች። ስትደርስ ብርድ ልብሱ በጅዳ ዐረብኛ ምሬቱን ያዥጎደጉደው ጀመር። «ከይሪያ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሀገር ነው? ፀሐዩን ማን ወሰደው?»

ድምፁን ሰምታው አታውቅም፤ ማን እንደሆነ ግን ወዲያው ገባት።

ጅዳ የሠራችበት ቤት ባለ ሦስት ፎቅ፣ ግድግዳውን ጨው የበላው አሮጌ ቤት ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ፣ አንድ ጂን እንደሚኖር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ለአዲስ ሠራተኛ መጥረጊያውና ካውያው የት እንደሚቀመጥ ሲያሳዩ እሱንም እግረ መንገዳቸውን ይነግሩ ነበር። ከይሪያ ደግሞ እናቷ እንዳስለመዷት ሙቅ ውሃ ከመድፋቷ በፊት ሁልጊዜ «ቢስሚላህ» ትላለች፤ እዚያ ያለው ሰምቶ ዞር እንዲል፣ እንዳይቃጠል። ዐሥራ አራት ዓመት አንድም ቀን አልረሳችም። እሱም አንድም ቀን ሳህን አልሰበረባትም። ትውውቃቸው ይኸው ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለና በየግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። እመቤቲቱ አርጅታ ነበርና ወደ ልጇ ቤት ሄደች፤ ዕቃው ተሸጠ፤ ለከይሪያም የመውጫ ወረቀት ተሠራላት። ጂኑን ግን አንተስ የት ትገባለህ ያለው የለም።

«ዶዘሩ በሩ ላይ ሲደርስ ምን ላድርግ?» አላት አሁን፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ዕቃ የሚያስሩት ሁሉ እየተሳደቡ ነው የሚያስሩት። አንቺ ብርድ ልብሱን ስታጥፊ ቢስሚላህ አልሽ። ገባሁ።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ እትዬ አዚዛ፣ ከዶሮዋ ጀርባ ቆመው።

«ቤቴ ፈርሶብኝ ነው የመጣሁት ይላል፣ እማ።»

«እስላም ነው?»

«ሲያነጥስ አልሰማሽውም?»

«አግብቷል?»

«ኧረ እማ!»

«ምን አልኩ? ሰው እንግዳ ሲመጣበት ይጠይቃል።»

ስሙ ሀምዳን ነው። እትዬ አዚዛ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሀምዲን አሉት። ሀምዳን ነኝ እያለ ሁለት ቀን ተከራከረ፤ በሦስተኛው ቀን ሲጠሩት ዝም ብሎ አቤት አለ። ከይሪያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ ጠፋ። እሷም ጅዳ እንደገባች፣ ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ኸዲጃ ትባል ስለነበር፣ እመቤቲቱ አዲስ ስም መልመድ ሰልችቷት ኸዲጃ ብላ ጠርታት ነበር። አራት ዓመት ኸዲጃ ሆና ኖራለች።

ሀምዲን ደሴን አልቻላትም። በመጀመሪያው ቀን ከሰል ምድጃው ሥር ተኛ። በሁለተኛው ቀን የእትዬ አዚዛን ፔርሙስ አገኘና እዚያ ውስጥ ተመቻቸ። ከዚያ በኋላ ሻይ ለመቅዳት ፔርሙሱን ያዘነበለ ሰው የሚያገኘው «አህለን ወሰህለን» የሚል የዐረብኛ ሰላምታ ብቻ ሆነ።

እትዬ አዚዛን ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። እንግዳው ብዙ ይናገራል፤ ልጃቸው የምትተረጉመው ግን ጥቂት ነው። «ይሄን ሁሉ አውርቶ ‹በርዶኛል› ብቻ ነው ያለው?» ይላሉ። በመጨረሻ ገለልተኛ አስተርጓሚ ይምጣ ብለው ከፒያሳ ሙሄዲንን አስጠሩ።

ሙሄዲን የጨርቅ ነጋዴ ነው። ቅድመ አያቱ ከየመን በመርከብ የመጡ ናቸው፤ የእሳቸው ፎቶ በወርቃማ ፍሬም ከሱቁ ባንኮኒ በላይ ተሰቅሏል። «እኛ ዐረቦች» ሳይል ሁለት ክንድ ጨርቅ አይለካም። ዐረብኛ ሲናገር ግን ሰምቶት የሚያውቅ ሰው የለም፤ የጠየቀውም ስለሌለ ነገሩ ሳይታወቅ አርባ ስድስት ዓመት ሞላው።

ኮቱን ለብሶ መጣ። ፔርሙሱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገና «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ። ፔርሙሱ ክዳኑ እስኪንቀጠቀጥ ረጅም ነገር መለሰለት።

«እ...» አለ ሙሄዲን። «ሰላምታ ነው። ትልቅ ሰላምታ። የጅዳ ሰው ሰላምታ ያረዝማል።»

ከይሪያ ከመጋረጃው ጀርባ ሻርፕዋን ነክሳ ያዘች። ሀምዲን ያለው «ይሄ ሰውዬ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፍ ላይ የወጣው የማን ቤት መስሎት ነው?» ነበር።

«ሌላስ?» አሉ እትዬ አዚዛ።

«የኔን ቅድመ አያት ያውቃቸዋል» አለ ሙሄዲን።

ፔርሙሱ እንደገና ተናገረ፤ አሁን አጭር ነው።

«በጣም ነው የሚያከብራቸው» ሲል ተረጎመ ሙሄዲን። ከይሪያ ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋ ፈነዳ። ሙሄዲን ቀና ብሎ አያት፤ ዐረብኛውን እንደምትሰማ ገባው፤ ጆሮው ቀላ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታና በር ላይ አስቀመጠው። ከይሪያ ሰውየውን የወደደችው ያኔ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ለራሷም ቶሎ አልነገረችውም።

ነገሩ በአስተርጓሚ እንደማያልቅ ሲታወቅ፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ሐርቡ ያሉት ሸኽ አብዱረህማን ዘንድ ይሂድ ተባለ። ሸኹ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሮአቸው ግን የነቃ ሽማግሌ ናቸው፤ በጂን ነገር የማያዩት ጉድ የለም። ከይሪያና እናቷ ፔርሙሱን በፎጣ ጠቅልለው ሚኒባስ ተሳፈሩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየወረዱ ሲሄዱ አየሩ ሞቅ፣ ሞቅ እያለ መጣ። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፔርሙሱ ማዜም ጀመረ። ረዳቱ የማን ስልክ ነው ብሎ ጠየቀ። ከይሪያ የእኔ ነው አለች። ዝጊው አላት። «አይዘጋም» አለችው፣ እውነቷን።

ሸኽ አብዱረህማን ፔርሙሱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ከፈቱና በመጽሐፍ ዐረብኛ ጠየቁት። ሀምዲን በጅዳ ዐረብኛ መለሰ። ሸኹ ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ዐረብኛው ተሰባብሯል» አሉ ወደ ከይሪያ ዞረው። «የት መድረሳ ነው የተማረው?»

«ጅዳ ነው እኮ ያደግሁት!» አለ ሀምዲን፣ ክብሩ ተነክቶ።

«ቢሆንስ?» አሉ ሸኹ። «እኔ ኪታብ የቀራሁት እዚሁ ወሎ ነው፤ እንዳንተ ግን አላበላሸውም።»

ሀምዲን ዝም አለ። ከደሴ ከወጣ ጀምሮ ዝም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ሸኽዬ፣ ያስወጡልናል?» አሉ እትዬ አዚዛ።

«ከየት ነው የማስወጣው? ሰው ላይ አልሰፈረ። ቤቱ የፈረሰበት ሙስሊም ነው። የእንግዳ ሐቁ ሦስት ቀን ነው፤ ያን አድርሳችኋል። ከዚህ በኋላ እንደማንኛውም ሙሳፊር መንገደኛ ሠርቶ ይኑር።» ወደ ፔርሙሱ ጎንበስ አሉ። «ሙያ አለህ?»

«ሠላሳ ዓመት ከውሃ ማሞቂያ ጋር ኖሬያለሁ።»

«እንግዲያ ኮምቦልቻ ፋብሪካ መች ጠፋ» ብለው ዱዓ አደረጉለትና ክዳኑን ዘጉ።

ፋብሪካ ሲባል እትዬ አዚዛ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሹ። ጋሹ ከወረኢሉ ገጠር ሥራ ፍለጋ ሲወጣ መጀመሪያ የተከራየው የእሳቸውን ጓዳ ነበር። የመጣ ሰሞን ከተማው ሁሉ ጠፍቶበት ሲንገዋለል እንደ ልጃቸው ይዘውታል። አሁን ኮምቦልቻ ጨርቅ በሚያቀልም ፋብሪካ ውስጥ የቦይለር ሠራተኛ ነው፤ ለማቅለሚያው እንፋሎት የሚያፈላውን ያን ትልቅ ጋን ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ለእርስዎ ነፍሴንም አልሰስት» አለ ጋሹ፣ ከፋብሪካው በር ውጪ ቆሞ ፔርሙሱን በጎሪጥ እያየ። «ግን ሰው እንኳ ቢሆን ቅጥር ቆሟል።»

«ደሞዝ አይፈልግም።»

«እንደዚያ ከሆነማ...» አለ ጋሹ። ከዚያ አሰብ አደረገና፣ «አይፈነዳም አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

ከይሪያ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችው። የፈላውን ውሃ ከመልቀቁ በፊት ቢስሚላህ ይበል። ጋሹ ራሱን አከከ። «እኔ በስመ አብ ነው የምለው፣ እህቴ። ይሆናል?» ከይሪያ ለፔርሙሱ ተረጎመችለት። ሀምዲንም፣ «ከሰማሁት ዞር እላለሁ፤ ይበቃኛል» አለ።

በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚበላሸው ቦይለር ሀምዲን ከገባበት ቀን ጀምሮ መበላሸት አቆመ። የክፍሉ ኃላፊ መጥቶ ጋሹን ምን እንዳደረገው ጠየቀው። «ጥሩ ያዝኩት» አለ ጋሹ፤ ውሸት አይደለም። የማቅለሚያ ክፍል ሴቶች በቧንቧው ውስጥ የሚመጣውን የዐረብ ዜማ የጋሹ ሬዲዮ ነው ብለው እየሰሙ ሥራቸውን ያቀላጥፉታል። ሀምዲን ከጋሹ ጋር ሲውል አማርኛም ለመደ። ሆኖም የለመደው የጋሹን አማርኛ ነው። ከይሪያ ከሁለት ወር በኋላ ልትጠይቀው ስትመጣ ቦይለሩ በወረኢሉ ገበሬ አነጋገር፣ «እንዴት ባጀሽ፣ ማርያምን ናፍቀሽኝ ነበር!» አላት።

«አንተ፣ በማን ነው የምትምለው?»

«ምነው? እዚህ የሚማለው እንዲህ አይደለም እንዴ?»

ኅዳር ላይ ጋሹ ደወለላት። «ቦይለሩ ያቃስታል። መሐንዲስ መጥቶ ፈታው፣ ገጠመው፣ ምንም አላገኘበትም። ያንቺ ሰው ነው፤ ነይና አናግሪው።»

ሄደች። ሀምዲን መጀመሪያ ምንም የለም አለ። ደግማ ስትጠይቀው ተነፈሰ፤ እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው። ለጁሙዓ ሊታጠብ ቦርከና ወንዝ ወርዶ ነበር። ከድልድዩ በታች ሦስተኛው ድንጋይ ላይ አንዲት ልጅ አየ። ከወንዙ ጂኖች ወገን ናት፤ ዘመዶቿ እዚያ ሲኖሩ ከተማው አልነበረም። አናገራት። በአማርኛው ሳቀች። በሚቀጥለው ጁሙዓም ሄደ፤ አሁንም ሳቀች። አያቷ ግን ሽማግሌ ሳይልክ ዳግመኛ እንዳይታይ ብላለች።

«ላክ ታዲያ።»

«ማንን?» አለ ሀምዲን። «ሰው የለኝም፣ ከይሪያ።»

ከይሪያ ጅዳ ላይ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደተናገረች ታውቃለች። ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለኤምባሲው ጸሐፊ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠችና፣ «እሺ» አለች። «ሽማግሌ ሲጠየቅ ስላንተ የሚናገረው ይፈልጋል። አንድ መልካም ሥራህን ንገረኝ።»

«ሳህን አልሰበርኩም።»

«ሌላ።»

እንፋሎቱን ቀነሰ። ከዚያ በጣም በዝቅተኛ ድምፅ ስለ አንድ በር ነገራት። ከይሪያ ሰምታው ስታበቃ ውሃ ለመነች። ጋሹ ውሃ አመጣላት።

ሽምግልናው እሑድ ረፋድ ላይ ሆነ። እትዬ አዚዛ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ሙሄዲን ከነኮቱ፣ ጋሹ ነጭ ነጠላ ለብሶ፣ ከይሪያ ፔርሙሱን ታቅፋ ወደ ቦርከና ወረዱ። ከድልድዩ ሥር ሁለት ሹፌሮች ባጃጃቸውን ያጥባሉ። አራት ሰዎች ተሰልፈው መጥተው ለአንድ ድንጋይ እጅ ሲነሱ ሲያዩ ማጠቡን አቁመው፣ ስፖንጅ በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

ቃል አቀባዩ ሙሄዲን ነው። አንደበቱ ርቱዕ ነው ተብሎ ተመረጠ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ደህና ዋላችሁ» ብሎ ጀመረ፤ ለሁለቱም ወገን እንዲሆን።

«ደህና። እናንተስ ማን ናችሁ?» አለች ከድንጋዩ ሥር አሮጊቷ አያት፣ ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ።

ሙሄዲን ከጂን ወገን የተነገረውን ቃል በሙሉ ሲረዳ የመጀመሪያው ነው። ባልተረዳሁ ብሎ ተመኘ። አንደኛው የባጃጅ ሹፌር ስፖንጁን ጥሎ በሩጫ ዳገቱን ወጣ፤ ሌላው ስፖንጁን እንደያዘ ቀረ።

«ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው» አለ ሙሄዲን፣ ድምፁ እየሰለለ።

«ልጃችሁ የማን ዘር ነው?»

«የታወቀ ቤተሰብ ነው። አባቱ ጅዳ ላይ... ትልቅ... የኔ ቅድመ አያት ራሳቸው...»

«ይሄ ሰውዬ ይዋሻል» አለች አሮጊቷ።

«አዎ» አለ ሙሄዲን ወዲያው፣ እና ወደ ኋላ ሄደ።

«ሃይማኖቱስ?»

«እስላም ነኝ፣ ማርያምን!» አለ ፔርሙሱ ሳይጠየቅ።

ከድንጋዩ ወዲያ የወጣት ሴት ሳቅ ተሰማ። አሮጊቷ ግን አልሳቀችም። «ሀገሩ የት ነው? እዚያ ሰው ብንልክ ማን ያውቀዋል?»

ከይሪያ ፔርሙሱን ለጋሹ ሰጥታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

«ሀገሩ ፈርሷል፣ እናቴ» አለች። «ሰው ቢልኩ የሚያገኙት አስፋልት ነው። የማውቀው እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ኖረናል።

«ጅዳ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የዐረፋ በዓል ነበር። ቤተሰቡ ጣኢፍ ከተማ ሄዶ ሊሰነብት ሲነሳ በሩን ከውጪ ቆለፈብኝ። ስልኬ እነሱ ዘንድ ነው። ከሀገሬ ሰው ጋር ካወራሁ ሰባት ወር አልፎኛል። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው የሚያሳየው። ከመስጊድ የበዓሉን ተክቢራ እየሰማሁ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በሩ ቀጭ አለ። ሄጄ ብገፋው ተከፈተ። መቆለፉን ረስተው ነው ብዬ አሰብኩ። ወረድኩ። ደረጃው ሥር ፀሐይ ነበረች፤ ተቀመጥኩባት። ሳሚያ የምትባል የጎረቤት ሠራተኛ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ አየችኝና በአማርኛ ‹ዒድ ሙባረክ፣ የማን ልጅ ነሽ?› አለችኝ። የከሚሴ ልጅ ነበረች። ሦስቱንም ቀን አብረን በላን። ጌቶቼ ከመምጣታቸው በፊት ወደ ቤት ስገባ በሩ ከኋላዬ እንደነበረ ተቆለፈ። ማንም አላወቀብኝም። ያን ቀን ባልወጣ ኖሮ...»

አልጨረሰችውም። ቀጥላ እንዲህ አለች፦ «እሱ ነው የከፈተልኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት አልነገረኝም። ትናንት ተናገር ብዬ ባላስጨንቀው አሁንም አይነግረኝም ነበር። ዘሩን አላውቅም፤ እሱን ግን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ እትዬ አዚዛ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ድንጋዩ ላይ ጮኹበት።

«ሰማችሁ? ልጄን በር የከፈተላት ነው! ሌላ ምን ዘር ትፈልጋላችሁ? ኧረ እናንተ ወንዝ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ትኮራላችሁ እንጂ!»

«እማ!» አለች ከይሪያ።

«ተያት፤ እናት ናት» አለች አሮጊቷ። ከዚያ፣ «ሁለት ነገር አለኝ» ስትል ቀጠለች። «አንደኛ፣ አማርኛውን ያስተካክል፤ ልጆቹ እንደ ወረኢሉ ሰው እንዲያወሩ አልፈልግም።» ጋሹ ጎንበስ አለ። «ሁለተኛ፣ ልጄን ዐረብ ሀገር አይወስድብኝም። ስንት ልጅ በዚህ ድልድይ ላይ ሲሄድ አይቻለሁ፤ እኩሉ አልተመለሰም።»

«ወላሂ አልወስዳትም!» አለ ፔርሙሱ። «ማርያምን!» ሲል ጨመረ፣ እንዲጸናለት።

በዚህ ተስማሙ። ከነስፖንጁ የቀረው የባጃጅ ሹፌር «አሚን» ያለው ሳይታወቀው ነው። ሽማግሌዎቹን እስከ መናኸሪያ በነጻ አደረሳቸው፤ መንገዱን ሙሉ ግን ወደ ኋላ ዞሮ አላየም።

ወደ ደሴ ሲመለሱ፣ የሐረጎን ዳገት ሲጀምሩ፣ እትዬ አዚዛ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከዚያ፣ «በስልክ ‹ደህና ነኝ› ስትይኝ ኖረሽ» አሉ።

«ምን ልበልሽ፣ እማ? ምን ታደርጊልኝ ነበር?»

«ምንም። አብሬሽ አለቅስ ነበር።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «በይ አሁን ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ። አንድም እንዳትዘይ።»

ከይሪያ ጀመረች። ጅዳ አውሮፕላን ጣቢያ ማንም ሳይቀበላት ዘጠኝ ሰዓት መቀመጧን፣ ካውያውን፣ ኸዲጃ መባሏን፣ ደግሞም የሚያስቀውን፤ እመቤቲቱ ወፍራ ልብሷ ውስጥ ተቀርቅራ በመቀስ ያወጣቻትን ቀን። እትዬ አዚዛ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ከኋላ የነበሩት ሴቶች ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ቧንቧ ውሃ ሲደርሱ ማንም ወራጅ አላለም፤ ሚኒባሱ አልፎ ሄደ። ሹፌሩ መሳሳቱን ሲያውቅ፣ «እሺ መቀሱን ጨርሺልንና እመልሳችኋለሁ» አለ።

ሙሄዲን በማግስቱ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መጣ፤ ጫማውንም በር ላይ አወለቀ። በአርባ ስድስት ዓመቱ ዐረብኛ ልማር ነው አለ። ከይሪያ አስተማረችው። ሱቁ ውስጥ ሲያጠና የሰሙት ዐረብ ሀገር ሊሄዱ የተነሱ ልጆች እኛንም አስተምሪን ብለው መጡ፤ ከጨርቁ መደርደሪያ ጀርባ ወንበር ተደረደረ። ከዐረብኛው ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚወስደው ሌላው ትምህርት ነው። ፓስፖርት የት እንደሚደበቅ፣ ሳይነበብ የማይፈረም ወረቀት የቱ እንደሆነ፣ የጎረቤት ሠራተኛ ቆሻሻ ልትጥል በስንት ሰዓት እንደምትወጣ እንዴት እንደሚታወቅ። ሁለት ልጆች ይህን ሁሉ ሰምተው መሄዱን ተዉት። ሌሎቹ ሄዱ፤ በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ «ደህና ነኝ» ብቻ ብሎ መዝጋት ክልክል ነው። ሙሄዲንና ከይሪያ በረመዳን ዋዜማ ኒካህ አሰሩ። አሁን ዐረብኛው እየገባው ስለሆነ ቅድመ አያቱን የሚጠቅሰው በጣም ቀንሷል።

ባለፈው መስከረም ጋሹ ደወለ። ቦይለሩ ከጠዋት ጀምሮ እየሳቀ ነው፣ ሥራ አልሠራ ብሎናል፣ ወንዙ ዳር ደግሞ እልልታ ተሰምቷል አለ። እትዬ አዚዛ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ገንፎ አገነፉ፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬውን ሞሉት፤ በሰፊ ሳህን ከድነው፣ በፎጣ ቋጥረው ለከይሪያ አስያዟት።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡት ወይዘሮ ወለተ ማርያም የሚባሉ ወደ ኮምቦልቻ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ሴት ነበሩ። ሽታው አስታወቃቸው።

«ማን ወልዶ ነው፣ ልጄ?»

«የወንድሜ ሚስት» አለች ከይሪያ።

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት። ምን ወለደች?»

ከይሪያ ትንሽ አሰበች። ጋሹን ይህን አልጠየቀችውም፤ ቢጠይቁትም የሚያውቀው አይመስላትም።

«ስደርስ አያለሁ» አለችና ቁልቁለቱ ላይ እንዳይደፋ ሳህኑን በሁለት እጇ ያዘችው።